ሐውልት ይፍረስ ወይስ ይመስክር?

ስድስት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት፣ አንድ ደረጃ አለ። ወዴትም አያደርስም። ሽቅብ ቢወጡት ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ሰማይ ነው። ጧት ጧት ፀሐይ እንሞቅበታለን፤ ፈተና ሲቃረብ ደብተር እናነብበታለን፤ ቀጠሮም ይያዝበታል። አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ ገና ከኩልመስክ እንደመጣሁ፣ እዚያ ላይ ተቀምጬ ዳቦ ስገምጥ አንድ ነባር ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «የተቀመጥክበትን ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«ደረጃ ነዋ!» አልኩት።

«ደረጃስ ደረጃ ነው። ያሠራው ግን ፋሺስት ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺዝም ዓመት አንድ እርከን» አለኝ።

ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ተነሥቼ ቆምኩ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አየሁ። ጠላት ሲወጣ የእኛ ሰዎች ደረጃውን አላፈረሱትም፤ አንበሳ ጫኑበት እንጂ። የፋሺስት ዓመታት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሽቅብ ይወጡና አንበሳው እግር ሥር ሲደርሱ ቁጥራቸው ያልቃል። ተመልሼ ተቀመጥኩና ዳቦዬን ጨረስኩ። ይህ ጽሑፍ ስለምን ተመልሼ እንደተቀመጥኩ ነው።

ነገሩ ዛሬም ትኩስ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሐረር ላይ የራስ መኰንን ሐውልት በቁጣ ወረደ። በዚያው ሰሞን ለንደን፣ ዊምብልደን ውስጥ፣ አንድ መናፈሻ ላይ የነበረ የልጃቸው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የደረት ሐውልት ተሰባበረ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ እንግሊዞች ራሳቸው ብሪስቶል ከተማ ላይ የባሪያ ነጋዴውን የኮልስተንን ሐውልት በገመድ ጎትተው ከወደቡ ውኃ ጥለውታል። አራዳ ላይ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ይነሣ፣ አይነሣ የሚለው ክርክርማ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። በእኛ ዶርም መብራት ከጠፋ በኋላ ከሚነሡት ጠቦች ግማሹ እሱ ነው።

ከሁለቱ ወገኖች አንደኛው፣ «ታሪክ ነው፤ አትንኩት» ይላል። ሁለተኛው፣ «ሐውልት ታሪክ አይደለም፤ ክብር ነው። የበደለኝን ሰው ክብር በየቀኑ ቀና ብዬ ልይ ወይ?» ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በትርጓሜው ላይ ሁለተኛው ትክክል ነው። ታሪክ ላስተምር ብሎ የቆመ ሐውልት የለም። ታሪክ «ይህም ሆነ፣ ያም ሆነ» ይላል፤ ሐውልት ግን «ቀና ብለህ እየኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ «ታሪክ ነው» ብሎ ብቻ ክርክሩን መዝጋት አያዋጣም።

ታዲያ እናፍርስ? ማፍረስም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያን አዲስ አበባን እንደያዘ ይኸንኑ የምኒልክ ሐውልት ከሥፍራው አነሣው። አድዋን ከሰው ዓይን ያወጣ መስሎት ነው። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ፤ የተነሣበት ታሪክ ራሱ ተጨማሪ ክብር ሆነው። ሌላው ሌኒን ነው። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 15 ቀን ሌኒን ወረደ። አዲስ አበባ ለአንድ ቀን ደስ አላት ይላሉ። ከዚያስ? ማን እንዳቆመው፣ በስሙ ምን እንደተሠራ፣ ሲቆም ማን ያጨበጭብ እንደነበረ የሚጠይቅ ስንት ሰው ቀረ? ባዶ መደብ ጥያቄ አያስነሣም። ሌኒን ሲወርድ ያጨበጨበውም አብሮ ነጻ ወጣ።

አሁን ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ፤ በዚህ ነገር ላይ ላስታ የራሷ ቃል አላት። ኩልመስክ ከወልድያ ተነሥቶ፣ ድልብን አልፎ፣ ወደ ላሊበላ በሚያቀናው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከእኛ ወደ ላሊበላ ሲኬድ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ከአንድ አለት የተፈለፈለች ገነተ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ውስጧ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ንጉሥ ተሥሏል። ይኩኖ አምላክ ነው። ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠራት እሱ መሆኑን ይናገራል።

ይኩኖ አምላክ ለላስታ ምኑ ነው? በ1262 ዓ.ም. የዛጔን መንግሥት ጥሎ ዙፋኑን ወደ ሌላ ቤት የወሰደ ሰው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የመጨረሻውን የዛጔ ንጉሥ ይትባረክን ጋይንት ድረስ አሳዶ፣ ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገድሎታል። ከእሱ በኋላ የተነሡት ጸሐፍትም ዛጔዎችን ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ፣ ዙፋን የነጠቁ እያሉ ጻፉባቸው። ይህ ሰው እንግዲህ በላስታ እምብርት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ተሥሎ ተቀምጧል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ቂመኛ የላስታ ሰው በዚያ በር ገብቶ ወጥቷል? ሥዕሉ ግን አለ። በዚያኛውም በኩል እንዲሁ ነው፦ አሸናፊዎቹ የላሊበላን ሕንፃዎች አላፈረሱም፤ እንዲያውም የንጉሥ ላሊበላ ገድል የተጻፈው በእነሱ ዘመን ነው።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሁለቱን ግን አትስትም። ላሊበላን ስታነሣ «ያ የሠራው»፣ ይኩኖ አምላክን ስታነሣ «ያ የወሰደው» ትላለች። ሁለቱም ድንጋዮች ባይኖሩ አያቴ የምትተርክበት ቦታ አይኖራትም ነበር።

ይህን ሁሉ ለአንድ የዶርም ጓደኛዬ አጫወትኩት። የአርሲ ልጅ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦

«ያንተ ቁስል ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የሻረ ነው። ጠባሳ ነው። እኔ ግን አያቴ የአኖሌን ነገር የሰማችው ከገዛ አያቷ ነው። በታክሲ አራዳን ባለፍኩ ቁጥር አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አድዋን ያያል፤ እኔ የተቆረጠ እጅና ጡት አያለሁ። ደግሞ ያንተ ንጉሥ ጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ነው፤ የእኔ አደባባይ ላይ፣ ያውም ፈረስ ላይ ነው።»

መልስ አጣሁ። እናንተም የምታውቁት ነገር ነው፦ በ2006 ዓ.ም. አርሲ ሂጦሳ ላይ የተቆረጠ ጡት በእጅ የያዘው የአኖሌ ሐውልት ሲቆም ከእኛ ወገን ብዙ ሰው «ይፍረስ» ብሏል። የምኒልክን «ታሪክ ነው፤ አትንኩ» ያለ አፍ መልሶ የአኖሌን «አፍርሱ» ሲል ሚዛኑ እዚያው ላይ ተሰበረ። ሁሉም የየራሱን ሐውልት ታሪክ፣ የሌላውን ሐውልት ጠብ ይለዋል። እኛ የላስታ ልጆችስ ብንሆን? ጎንደር ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሐውልት ስናይ ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን የሰቀሉት እሳቸው መሆናቸው አይታወሰንም? ልጃቸው ዋግ ሹም ጎበዜ የሸፈቱት፣ ኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ከዚያ ቂም ተነሥተው አይደለም? የአንዱ አገር አንድነት ጀማሪ ለሌላው ቤት አባት ገዳይ ነው። ይኸን ሳይቀበሉ ስለ ሐውልት መከራከር መጮህ ብቻ ይሆናል።

ለጓደኛዬ የምሰጠውን መልስ ያገኘሁት ቆይቼ ነው፤ ያገኘሁትም ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ነው። ትግላችን ሐውልት እዚያ ቆሟል። ሃምሳ ሜትር ያህል የሚረዝም ምሰሶ፣ ጫፉ ላይ ኮከብ። ሰሜን ኮሪያዎች አግዘው ያሠሩት ነው። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ለእነሱ ክብር ይገባል፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በግራና በቀኝ ባሉት ግንቦች ላይ የተቀረጸ ትረካ አለ። በንጉሡ ዘመን የተራበው ሕዝብ፣ ቀጥሎ አብዮቱ፣ ቀጥሎም ሊቀ መንበሩ ሕዝቡን እየመሩ። መልእክቱ አያሻማም፦ ንጉሡ አስራቧችሁ፤ እኛ አዳንናችሁ።

ሐውልቱ የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። ያን ዕለት አያቴ የት ነበረች? በልጉ ቀርቶባት፣ ክረምቱም ቀርቶባት፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ በጊዳን በኩል ወደ ቆቦ ለመውረድ መንገድ ላይ ነበረች። ከቆቦ ኮረም። ሁለቱን መንገድ ላይ ቀበረች። ሦስተኛዋ እናቴ ናት። አያቴ ስለዚያ መንገድ የምታወራው ጥቂት ነው። «አፈሩ ደረቅ ነበር፤ በእጅ አይቆፈርም» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

ከምረቃው በ41ኛው ቀን፣ ጥቅምት 13፣ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ታየና ዓለም ደነገጠ። በእኛ ልማድ አርባ የሙት መታሰቢያ ነው። የወሎ ሙት ለዓለም የተረዳው የሐውልቱ አርባ በወጣ ማግሥት ነው።

ይኸን ቀን ከቀን አስተያይቼ ያወቅሁ ዕለት ከግንቡ ፊት ቆሜ እጄ ዶማ አማረው። የጓደኛዬ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰባት መቶ ዓመት የሌለው፣ ያልሻረ ቁስል ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ። እሱ በአራዳ ሲያልፍ የሚሰማውን እኔ በጥቁር አንበሳ ሳልፍ ሰማሁት።

ግን ዶማውን በሐሳቤ እንዳነሣሁት አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ይህ ግንብ ቢፈርስ የሚጠቀም ማነው? «ረሃብ የገዥዎች ወንጀል ነው» ብሎ በድንጋይ የቀረጸው መንግሥት፣ በዚያው ወር ወሎንና ትግራይን ረሃብ ሲፈጅ በዓል ያከብር ነበር። ይህ እኮ ተከሳሽ በገዛ እጁ ፈርሞ የተወው ወረቀት ነው! እኔ ባፈርሰው ወረቀቱን የቀደድኩለት እኔ ነኝ። ማስረጃ የሚያጠፋው በዳይ ነው፤ ተበዳይማ ማስረጃውን በሙዳይ ነው የሚያኖር።

ማስረጃ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት ነበረ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ፋሺስት ሰው ያጎረበት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ በጥይት የፈጀበት ግቢ ነው። ፈረሰ፤ በጥር 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ እዚያው ላይ ተመረቀ። ሕንፃው ያምራል። ነገር ግን ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ የእኛ ዕድሜ ልጅ ከመስተዋቱ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል? በየካቲት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በኅብረቱ ግቢ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ቆመ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ላደረጉት ነው፤ ላደረጉት ይገባቸዋል። ሆኖም እኔ የወሎ ልጅ ነኝና በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተደበቀውን ረሃብ አልረሳም። ደግሞም የምማርበት ግቢ የእሳቸው ቤተ መንግሥት እንደነበረ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡትም እሳቸው እንደሆኑ አልረሳም። ሰውየውን አንድ ቃል ብቻ አድርጌ መያዝ አልችልም። ድንጋዩም አንድ ቃል ብቻ እንዲናገር መፍቀድ የለብንም።

በዚህ ሐሳብ ወደ ጓደኛዬ ተመለስኩ። እንደ ጠበቃ ተኮፍሼ «ሐውልት ማስረጃ ነው» አልኩት። ሳቀ።

«ማስረጃ አንባቢ ይፈልጋል» አለኝ። «ትግላችን ሐውልት ሥር ያንተን አያት የሚያነሣ ጽሑፍ አይተሃል? አራዳስ ላይ አኖሌ የሚል ቃል አለ? ዝም ያለ ምስክር ምስክር አይደለም። አንተ ‘አታፍርሱ’ ትላለህ፤ ከዚያ ወደ ዶርም ትመለሳለህ። እኔ ሐውልቱን እንደያዝኩ እቀራለሁ።»

እውነቱን ነው። ስለዚህ የእኔ «አይፍረስ» ዕዳ አለበት፤ ዕዳውን ሳይከፍሉ «አይፍረስ» ማለት ተበዳይን ሁለተኛ መበደል ነው። ዕዳው እንደሚመስለኝ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሐውልት ማን እንዳቆመው፣ መቼ እንዳቆመው፣ በዚያን ጊዜ ምን ይሆን እንደነበረ እዚያው ላይ ይጻፍ። ለትግላችን ሐውልት አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «ይህ በተመረቀ ጊዜ ወሎና ትግራይ ይራቡ ነበር።»

ሁለተኛ፣ የተበዳይ መታሰቢያ ከባለ ሐውልቱ እኩል ይከበር። አድዋን የሚያከብር ሰው አኖሌ ላይ ባርኔጣውን ቢያወልቅ አድዋ አያንስም።

ሦስተኛ፣ ይህም ሁሉ ሆኖ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ መክሮ «ይነሣልን» ካለ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በውይይት፣ በፊርማ ይነሣ፤ ከነታሪኩም ይቀመጥ። ብሪስቶሎች ኮልስተንን ከውኃ አውጥተው፣ የተቀባውን ቀለም ሳያጥቡ ሙዚየም ውስጥ አጋድመው አሳይተውታል። ያ ሐውልት ቆሞ ካስተማረው ተጋድሞ ያስተማረው ይበልጣል።

አራተኛ፣ ነባሩንና አዲሱን አናምታታ። ነባር ሐውልት ምስክር ሊሆን ይችላል፤ አዲስ የሚሠራ ግን ሽልማት ነው። ጣሊያን አገር፣ አፊሌ በምትባል ከተማ፣ በ2004 ዓ.ም. ለግራዚያኒ፣ ለየካቲት 12ቱ ጨፍጫፊ፣ መታሰቢያ ሲሠራለት «ታሪክ ነው» የሚል ካለ ዋሽቷል። ያ በእኛ ዘመን የተሰጠ ፍርድ ነው፤ መልሱም በእኛ ዘመን መሰጠት አለበት።

ባለፈው ለበዓል ኩልመስክ ወርጄ የትግላችንን ሐውልት ፎቶግራፍ በስልኬ ለአያቴ አሳየኋት። መቼ እንደተመረቀም ነገርኳት። ስልኩን ጠጋ አድርጋ፣ ራቅ አድርጋ አየችው።

«ረጅም ነው» አለች።

«እማ፣ ይፍረስ ትያለሽ?» አልኳት።

«ምነው ልጄ፣ ስንት ሰው የደከመበትን!» አለችና ቆይታ፣ «የልጆቼን ስም የሚጽፉበት ቦታ የለውም?» አለችኝ።

ጓዶች፣ በ1965 ዓ.ም. የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን የረሃብ ፎቶግራፍ እዚሁ ግቢ ውስጥ አሳይተዋል፤ ያውም ግቢው በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረበት ጊዜ። እኛ ከዚያ የቀለለውን እንኳ ማድረግ አያቅተንም። መስከረም 2 ሲመጣ ትግላችን ሐውልት ሥር ቆመን በ1977 ያለቁትን ሰዎች ስም በየተራ እናንብብ። የላስታ፣ የዋግ፣ የራያ፣ የትግራይ ልጆች፣ አያቶቻችሁን ጠይቁና ስም አምጡ፤ ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ። የሁለቱ አጎቶቼ ስም ከላይ ተጽፏል።

ጓደኛዬ ከእኔ ጋር እንደሚመጣ ነግሮኛል። እሱም ከአርሲ የሚያመጣው የስም ዝርዝር አለው፤ ሌላ ቀን አራዳ ጊዮርጊስ፣ ከፈረሱ ሥር ሆኖ ያነብበዋል። አብሬው እሄዳለሁ።